እርጥቡ ማሊያ

(ደብረ ብርሃን፣ የከተማው ስታዲየም፣ ጥላ የሌለው የሲሚንቶ ደረጃ፤ እሑድ ከሰዓት ደጋ ኮከብ በሜዳው እየተጫወተ ሳለ፣ ጥቁር ለብሰው ነጠላ የተከናነቡ የስልሳ ዓመት እናት፣ አጸደ፣ ክራንቹን ከጎኑ ካጋደመው ወጣት፣ ከወንድይፍራው፣ አጠገብ ቆመዋል።)

ወንድይፍራው፦ ይቅርታ እናቴ፣ ቦታው ተይዟል። ኮቱን ያስቀመጥኩት ለዚያ ነው።

አጸደ፦ ለማን ነው የተያዘው?

ወንድይፍራው፦ ለሰው ነው።

አጸደ፦ ያ ሰው የኔ ልጅ እሱባለው ከሆነ አይመጣም። ኮትህን አንሳልኝና ልቀመጥ።

ወንድይፍራው፦ እትዬ አጸደ... ተከናንበው ስለነበር እኮ አላወቅኩዎትም።

አጸደ፦ አትነሳ። ሦስት ወር የሸሸኸኝ ይበቃል። ዛሬ ልሽሽ ብትል የዚህን ሁሉ ሰው ጉልበት መረማመድ አለብህ።

ወንድይፍራው፦ አልሸሽም። ሲሚንቶው ይበርዳል፤ ይሄን ካርቶን ከስር ያድርጉት።

አጸደ፦ ልጄ ከቤቴ ፍራሽ የሚነሳው እዚህ ካርቶን ላይ ለመቀመጥ ነበር?

ወንድይፍራው፦ እሱ መች ይቀመጣል። ዘጠና ደቂቃ ቆሞ ነው። ከኋላ ያሉት "አንተ መስታወት አይደለህም፣ ሜዳው አይታየንም" እያሉ ይጮሁበታል፤ ይቅርታ ይልና እዚያው ይቆማል።

አጸደ፦ የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?

ወንድይፍራው፦ አረንጓዴዎቹ።

አጸደ፦ ያ ጥቁር የለበሰውስ? ማን ሞቶበት ነው?

ወንድይፍራው፦ ዳኛው ነው፣ እትዬ።

አጸደ፦ እንግዲያው ዳኛ ባለበት ልጠይቅህ። ለቅሶዬን ለምን አልደረስክም?

ወንድይፍራው፦ ሆስፒታል ነበርኩ።

አጸደ፦ ሆስፒታል የተኛኸው አሥራ ሰባት ቀን ነው። ጠይቄአለሁ። ከዚያ በኋላ አርባው ነበር። ከአርባው በኋላ ሰማንያው።

ወንድይፍራው፦ እግሬ አላራምድ ብሎኝ...

አጸደ፦ እግርህ እዚህ ያደርስሃል። የኔ ቤት ከዚህ ግንብ በላይ ሦስተኛው በር ነው። ወደ ስታዲየም የሚወስደው መንገድ በኔ በር ላይ ነው፤ አንተ ግን በወንዙ በኩል ዞረህ፣ በዚያ ጭቃ፣ በክራንች። ልብስ ሳሰጣ አይቼሃለሁ። አንዴ አይደለም።

ወንድይፍራው፦ ገብቼስ ምን ልበል?

አጸደ፦ ለቅሶ ቤት ምን ይባላል? "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ ይሄንኑ ብሎ፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ ሄደ። ልጄን በቅጡ የማያውቀው ሁሉ መጣ። ከሰባት ዓመታችሁ ጀምሮ እንደ ጣትና ቀለበት የኖርከው አንተ ቀረህ።

ወንድይፍራው፦ አውቃለሁ።

አጸደ፦ አታውቅም። እኔ ያንተን ለቅሶ ደርሼ ነበር።

ወንድይፍራው፦ የኔን?

አጸደ፦ አልነገሩህም ማለት ነው። ያን እሑድ ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። ወደ ኮምቦልቻ የሄደው የደጋፊ አውቶቡስ ተገለበጠ ተባለ። ኮሚቴው በየወንበራችሁ ቁጥር ስማችሁን ጽፎ ይዞ ነበር አሉ። አሥራ አራት ቁጥር ላይ ያለው ሞቷል፤ አሥራ አራት ቁጥር ወንድይፍራው ነው ተባለ። መርዶው መጀመሪያ የገባው እናትህ ቤት ነው። ጩኸቷን ስሰማ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። እስከ በራችሁ ድረስ ደረቴን እየመታሁ፣ ስምህን እየጠራሁ ነው የሄድኩት።

ወንድይፍራው፦ እናቴ ይሄን አልነገረችኝም።

አጸደ፦ ምን ብላ ትንገርህ። ቆይ፣ አልጨረስኩም፤ ይሄን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩ። አፌ ወንድይፍራው እያለ ያለቅሳል፤ ሆዴ ግን ተመስገን ይላል። የኔ አይደለም፣ ተመስገን። እናትህ እቅፌ ውስጥ እየተንፈራፈረች።

ወንድይፍራው፦ ማንኛዋም እናት እንደዚያ ነው የምትለው።

አጸደ፦ ከዚያ ስልኩ እንደገና ተደወለ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሰውየው ግን ሌላ ነው አሉ። እናትህ ከእቅፌ ወጣች። እኔ እቅፏ ውስጥ ገባሁ። ምን ሆነው ነው የሚያጨበጭቡት?

ወንድይፍራው፦ የማዕዘን ምት ነው። ምንም አይደለም።

አጸደ፦ ምንም ካልሆነ ለምን ያጨበጭባሉ?

ወንድይፍራው፦ ሊሆን ይችላል ብለው ነው። ኳስ እንደዚያ ነው፤ የሚጮኸው ሊሆን ይችላል ለሚለው ነው።

አጸደ፦ እሱም እንደዚህ ነበር የሚያወራኝ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ እያልኩ እተወው ነበር።

ወንድይፍራው፦ እትዬ፣ ጋሽ መንገሻ እዚህ መምጣትዎን ያውቃሉ?

አጸደ፦ አያውቅም። ልጄን አሳጣኝ ብሎ ስምህ በቤቱ እንዳይነሳ ከልክሏል። እናትህ ለሠልስቱ ስትመጣ ፊቱን አዞረባት። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹም እሱን አይተው ነው መሰለኝ፣ በዕድር ስትመጣ ጠጋ የሚልላት የለም።

ወንድይፍራው፦ የሚሉትን ሰምቻለሁ። ወንበሩን ሰጥቶ ሞቱን አሻገረ ብለዋል።

አጸደ፦ ነው እንዴ?

ወንድይፍራው፦ እውነታቸውን ነው። መስኮቱ የኔ ነበር። ተነስና እዚህ ና አልኩት፤ ተቀያየርን። አውቶቡሱ የወደቀው በዚያው በኩል ነው። ከዚህ በላይ ምን ይጨመርበታል?

አጸደ፦ ለምን የሚለው ይጨመርበታል።

ወንድይፍራው፦ እንዲሁ ነው።

አጸደ፦ እንዲሁ የሚባል ነገር የለም። ሰው ቦታውን እንዲሁ አይለቅም፤ እዚህ እንኳ ለሞተ ሰው ኮት አንጥፈህ የምትጠብቅ አንተ።

ወንድይፍራው፦ መስኮት ይወድ ስለነበር ነው።

አጸደ፦ ማን? እሱባለው? ልጄ መስኮት በኩል ከተቀመጠ ራሱን ያዞረዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ እኔና አባቱ መሀል አድርገን ነው የምንወስደው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እናትህ ውሸት አላስተማረችህም፤ አሁን ጀምረህ አትችለውም።

ወንድይፍራው፦ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩዎት እኮ። ጥፋተኛው ከተገኘ ምክንያቱ ምን ያደርጋል?

አጸደ፦ ለመንገሻ አያደርግም ይሆናል። እሱ የሚጠላው ሰው አግኝቷል፤ በዚያ ይውላል፣ በዚያ ያድራል። እኔ ግን የወለድኩት ልጅ የመጨረሻ ጠዋቱን እንዴት እንዳሳለፈ አላውቅም። ቁርስ በልቶ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ወንድይፍራው፦ በልቷል። ደብረ ሲና ላይ ሻይና ዳቦ በላን። ቆሎም ገዛ፤ ሁለት ስኒ። አንዱን አውቶቡሱ ውስጥ አዞረው፤ ሌላውን ኪሱ ከተተው። ለርስዎ ነው ብሎ።

አጸደ፦ ለኔ።

ወንድይፍራው፦ "ጥርሷን እያመማትም ቢሆን የደብረ ሲና ቆሎ ከሆነ ትቆረጥማለች" አለ።

አጸደ፦ ኪሱ ውስጥ ቆሎ አልነበረም።

ወንድይፍራው፦ ያን ጊዜ ፈሶ ይሆናል።

አጸደ፦ ይሆናል።

ወንድይፍራው፦ ይኸው እረፍት ወጡ። ውሃ ላምጣልዎ?

አጸደ፦ አልጠማኝም። እንዳታመልጠኝ። ስንት ለስንት ናቸው?

ወንድይፍራው፦ ባዶ ለባዶ።

አጸደ፦ ይሄን ጊዜ ቤት ሆኜ ከጩኸቱ ነበር የምገምተው። ይሰማል እኮ ከኔ ግቢ። በደንብ የማውቀው ግን በበሩ ነው። ካሸነፉ በሩ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ከተሸነፉ ግን የበሩ ድምፅ አይሰማም፤ ከጓዳ ስወጣ ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። እራት ስለው ሆዴን አሞኛል። ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው፣ ሌላው ኳስ ሳተ ብሎ እሱን ሆዱን ያመዋል።

ወንድይፍራው፦ አቻ ሲወጡስ?

አጸደ፦ አቻ ሲወጡ ይበላል፣ አይናገርም።

ወንድይፍራው፦ የምንሠራበት እንጨት ቤትም እንደዚያው ነበር። ሰኞ ሰኞ ባለቤቱ ፊቱን አይቶ ነው ሥራ የሚሰጠው። ከተሸነፍን ሚስማር ማስተካከል እንጂ መጋዝ አያስይዘውም።

አጸደ፦ ይሄን አልነገረኝም። ... አየህ፣ ይሄንንም ነው ያስቀረህብኝ። ለቅሶ ላይ ብትመጣ ይሄን ታወራኝ ነበር። ሌላው የሚያወራኝ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ስለ ልጄ የሚያወራኝ ሰው አጣሁ።

ወንድይፍራው፦ ይቅር ይበሉኝ።

አጸደ፦ ይቅርታውን አቆየው። እኔም የምነግርህ አለኝ። ያን እሑድ እነዋሪ የእህቴ ልጅ መልስ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ነግሮኛል።

አጸደ፦ አብረን እንሂድ አልኩት። ሀብት የለኝ፣ መሬት የለኝ፤ በዘመድ ፊት ይዤው የምገባው ልጅ ነው ያለኝ። ጨዋታ አለብኝ አለ። ኮምቦልቻ ድረስ ለኳስ? አልኩት። መሪዎቹ ናቸው፣ ካሸነፍናቸው እኛ እንመራለን፣ አለ። ተጨቃጨቅን። መንገዱንም ፈርቼዋለሁ፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ግን ትልቅ ሰው ነው፣ እግሩን አላስረው። አንድ ነገር አውቅበታለሁ፤ ያለ ማሊያው ጨዋታ አይሄድም።

ወንድይፍራው፦ አንድ ጊዜ ረስቶት መጥቶ ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። በኔ ነው ብሎ ሳምንት ሙሉ ይቅርታ ጠየቀን።

አጸደ፦ ቅዳሜ ማታ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ማሊያውን ከሣጥን አውጥቼ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

ወንድይፍራው፦ እትዬ፣ ይሄን መናገር የለብዎትም።

አጸደ፦ ሳሙናውን አሽቼ አሽቼ ነው የዘፈዘፍኩት። በዚህ ብርድ በአንድ ሌሊት እንደማይደርቅ አውቃለሁ። ሲመለስ ቆሽሾ ነው አልኩት። ንጹሕ ነበር። ቆሞ ሳፋውን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይል ገብቶ ተኛ። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ጠዋት ስነሳ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሳፋው ውስጥ ያለው አረፋው ብቻ ነው።

ወንድይፍራው፦ ይተዉት በቃ። ተጀመረ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ።

አጸደ፦ ይጀመር። መንገሻ ያን ሌሊት አልነበረም፣ ጥበቃ ሥራው ላይ ነው ያደረው። ስለዚህ አያውቅም። ሦስት ወር ለማንም አልተናገርኩም። ያንን ማሊያ ለብሶት ነበር?

ወንድይፍራው፦ ይዞት ነበር።

አጸደ፦ ይዞት ወይስ ለብሶት?

ወንድይፍራው፦ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት ነበር።

አጸደ፦ ሆስፒታል ልብሱን ሲሰጡኝ ማሊያው ከአንገቱ እስከ ታች በመቀስ ተቀዷል። በፌስታል ያለ ልብስ ማን በመቀስ ይቀድዳል? ለብሶት ነበር። ውሃው እየተንጠባጠበ። ከላይስ ምን ደርቦ ነበር?

ወንድይፍራው፦ ጃኬቱን ከላይ ደርቦ ነበር የመጣው። ግን ከውስጥ ርሶ ጃኬቱም ራሰ፤ አወለቀው።

አጸደ፦ በዚያ ንጋት። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ነበር?

ወንድይፍራው፦ ነበር።

አጸደ፦ በርዶት ነበር?

ወንድይፍራው፦ ብዙም አይደለም።

አጸደ፦ ወንዴ።

ወንድይፍራው፦ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር።

አጸደ፦ ፀሐይ ስትወጣስ፣ በየት በኩል ነበር የምትመታችሁ?

ወንድይፍራው፦ ስለ እመቤታችን፣ ይሄን አይጠይቁኝ።

አጸደ፦ በመስኮቱ በኩል ነበር።

ወንድይፍራው፦ እትዬ አጸደ...

አጸደ፦ አንተ በተቀመጥክበት በኩል። እንዲደርቅለት ነው ያስነሳኸው። እንዲሞቀው ነው።

ወንድይፍራው፦ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ኮቴን ልስጥህ አልኩት፤ "ከደረብኩበት ጭራሽ አይደርቅም" አለኝ። ጣርማ በርን ወርደን ጭጋጉ ሲገፈፍ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገባች። ጉልበቴ ሲሞቀኝ ታወቀኝ፤ እሱ አጠገቤ ይንቀጠቀጣል። ተነስ፣ እዚህ ና፣ ፀሐይ ይምታህ አልኩት። "መስኮት ያዞረኛል" አለኝ። ሲያዞርህ ትመለሳለህ አልኩት። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለውም። ይሄን ነው ልነግርዎ ያልቻልኩት። ለቅሶ ብመጣ ይጠይቁኛል። ሲጠይቁኝ መዋሸት አልችልም፤ ይኸው ዛሬም አልቻልኩም። ስለዚህ በወንዙ በኩል ዞርኩ። ጋሽ መንገሻ ሞቱን አሻገረ ሲሉ ስሰማ ይሻላል አልኩ። ሰው አንድ ጥፋተኛ ካገኘ ሌላ አይፈልግም።

አጸደ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ወንድይፍራው፦ እርስዎ አይደሉም። ጎማው ነው። የፊተኛው ቀኝ ጎማ ነው የፈነዳው። ጎማ ማሊያ አያውቅም።

አጸደ፦ ሌሎቹ ሁለቱ ልጆች የሞቱት የት ተቀምጠው ነው?

ወንድይፍራው፦ እነሱም በዚያው በኩል፣ ከፊታችን።

አጸደ፦ የነሱን ማሊያ የዘፈዘፈ ሰው የለም።

ወንድይፍራው፦ ይኸው፣ ራስዎ አሉት።

አጸደ፦ አንተ ግን ከመስኮቱ ወዲህ ስለሆንክ እግርህ ተሰብሮ ተረፍክ። እሱም ከመስኮቱ ወዲህ ቢሆን ኖሮ እግሩ ተሰብሮ ይተርፍ ነበር። እንዲህ ነው አይደል?

ወንድይፍራው፦ ያኔ እኔ እሞት ነበር።

አጸደ፦ አዎ። ያኔ አንተ ትሞት ነበር። የመጀመሪያው ስልክ እውነት ይሆን ነበር።

ወንድይፍራው፦ ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማስበው።

አጸደ፦ አታስበው። እኔም አላስበውም። ለማንኛችሁ እንደምመኝ አላውቅም። ... ተናዶብኝ ነበር?

ወንድይፍራው፦ ማን፣ እሱ? አልተናደደም።

አጸደ፦ ሳፋውን አይቶ ዝም ብሎኝ ነው የተኛው። ያቺ ዝምታ ናት የምትገድለኝ። ልትዋሸኝ ከሆነ ተወው።

ወንድይፍራው፦ አልዋሽዎትም። አውቶቡሱ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ዝናብ የት አገኘህ ብለው ሳቁበት። እሱም ቆሞ ተናገረ። "እናቴ ልታስቀረኝ ማሊያዬን ዘፈዘፈችው፤ ግን ሳሙናውን አብዝታለች፣ ስቀመጥ አረፋ ይወጣኛል" አለ። እስከ ጣርማ በር ድረስ ሳቁ። ሰው ሁሉ ብልጥነትዎን ነው ያደነቀው። እሱም "ከመሪዎቹ በላይ ከባድ ተጋጣሚ እሷ ነበረች" እያለ ይኩራራ ነበር።

አጸደ፦ እንደዚህ አለ?

ወንድይፍራው፦ እንደዚህ አለ። ከዚያ ለኔ ብቻ ቀስ ብሎ፣ "ስመለስ መልሱን አስቀርቼባታለሁና እነዋሪ ይዣት እሄዳለሁ፣ ሙሽሮቹን ቤታቸው እንጠይቃለን" አለኝ።

አጸደ፦ እኔም አልሄድኩም። ተናድጄ ቤት ቀረሁ። ብሄድ ኖሮ መርዶው አያገኘኝም ነበር ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። ምን ዓይነት ጅል ሐሳብ ነው።

ወንድይፍራው፦ እኔም ብዙ እንደዚያ ዓይነት አለኝ።

አጸደ፦ ማሊያው ደርቆለት ነበር?

ወንድይፍራው፦ ደርቆለታል። ደብረ ሲና ስንወርድ እጅጌው ደረቀ። ቆላው ሲጀምር ጀርባውም ደረቀ። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ።

አጸደ፦ ከዚያስ?

ወንድይፍራው፦ ሞቀው። ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ልጆቹ ከኋላ እየዘፈኑ ነበር፣ እሱ ግን ተኛ። ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ ነው ጎማው የፈነዳው። አልነቃም፣ እትዬ። እጁ እጄ ላይ ነበር፤ ቢነቃ ይጨብጠኝ ነበር።

አጸደ፦ አልጨበጠህም።

ወንድይፍራው፦ አልጨበጠኝም። ይሄን ነጠላዎን ያስተካክሉ፤ ነፋሱ ይመታዎታል።

አጸደ፦ ያ ጨዋታ መጨረሻው ምን ሆነ? ልትሄዱበት የነበረው።

ወንድይፍራው፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተጫወቱት። ሆስፒታል ሆኜ በስልክ ሰማሁት። ባዶ ለባዶ።

አጸደ፦ ባዶ ለባዶ። እራቱን በልቶ ዝም የሚልበት ዓይነት።

ወንድይፍራው፦ አዎ።

አጸደ፦ ምንድን ነው? ሰዉ ለምን ዝም አለ?

ወንድይፍራው፦ ገባብን። ከቅጣት ምት ነው።

አጸደ፦ እንዲህ ነው እንዴ ሲገባባችሁ። ከቤት ሆኜ ይሄን አልሰማውም ነበር። ጩኸቱን እንጂ ዝምታውን ግንቡ አያሳልፈውም። ... ይሄ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ።

ወንድይፍራው፦ እንደዚህ ሲሆን መጀመሪያ የሚያጨበጭበው እሱ ነበር። ገና ጊዜ አለ እያለ።

አጸደ፦ አሁን ማነው የሚያጨበጭበው?

ወንድይፍራው፦ ሰው ይጠብቃል። ከዚህ በኩል እንዲጀመር ይጠብቃሉ። እኔ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

አጸደ፦ ክራንችህን ወደዚያ አድርገው። ልለፍ።

ወንድይፍራው፦ ወዴት ነው? ገና ሃያ ደቂቃ አለ።

አጸደ፦ ቤት። መንገሻ ዛሬ ሥራ የለውም፤ ግቢ ተቀምጧል።

ወንድይፍራው፦ ሊነግሯቸው ነው?

አጸደ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሦስት ወር አደርኩ፣ ራሱ አልጠራም። ካልነገርኩት አይጠራም።

ወንድይፍራው፦ እትዬ አጸደ፣ ይስሙኝ። ለዚህ አይደለም የነገርኩዎት። እኔን ይጥሉኝ። ለምጄዋለሁ። እኔን የሚያገኙኝ መንገድ ላይ ነው፤ ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ፣ አለቀ። እርስዎን ግን የሚያገኙዎት በየማዕዱ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ፊት የተዞረበት ሰው ወዴት ይሄዳል?

አጸደ፦ ሊያዞርብኝ ይችላል። መንገሻ ሲቆጣ ዓመት ይቆጣል። ለወንድሙ በመሬት ነገር ስድስት ዓመት ሰላምታ አልሰጠም።

ወንድይፍራው፦ ይኸው። ታዲያ ምን ይሠራልዎታል? እሱባለውን አይመልስም።

አጸደ፦ እናትህን ይመልሳል። የሞትክ መስሏት እቅፌ ውስጥ ያለቀሰች ሴት ናት። እሷ ሦስት ወር በዕድሩ ድንኳን ጥግ ብቻዋን ስትቀመጥ፣ እኔ መሀል ተቀምጬ አየኋት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንተ ደግሞ ይሄን ሁሉ ተሸክመህ በጭቃ ትዞራለህ። ልጄ ቢያይ ያፍርብኛል።

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ እንግዲያው አብረን እንግባ። እንካፈለው። ወንበሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አጸደ፦ ወንበሩን የሰጠኸው ለበረደው ሰው ነው። ያ ጥፋት ከተባለ፣ ጥፋቱ ደህና አድርገው ያሳደጉህ ሰዎች ነው።

ወንድይፍራው፦ እኔ ልጀምርላቸው። ለእርስዎ ይከብድዎታል። በሩ ላይ ቆሜ፣ ጋሽ መንገሻ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ልበል። ቢመቱኝም ይምቱኝ።

አጸደ፦ አንተ ለቅሶህን ግባና አልቅስ፤ ሌላ ነገር አልፈልግብህም። ማሊያውን የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ፤ የምነግረውም እኔ ነኝ።